መርፌዋ ወዴት ነው የሄደችው

ወንድሜ ከደመናው ውስጥ ሲወጣ ማኮብኮቢያውን ፊት ለፊቱ ማየት ነበረበት። ያየው ግን የቤት ጣሪያ ነው። ከኋላው የተቀመጠችው ነርስ በኋላ እንደተናገረችው፣ በመስኮቷ በኩል ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ አይታለች፤ አንሶላውን ከሸሚዙ ለይታ። ወንድሜ ሞተሩን በሙሉ ኃይል ከፍቶ አውሮፕላኑን ወደ ላይ አወጣው፤ ዞሮ ተመለሰና በሁለተኛው ሙከራ በሰላም አረፈ። ተሳፋሪዎቹ ሲወርዱ አንድ ሽማግሌ እጁን ጨብጠው አመሰገኑት። ሌሎቹ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት ሄዱ።

እኔ የዚያው ድርጅት የበረራ መሣሪያዎች ቴክኒሻን ነኝ። ድርጅቱ ትንሽ ነው፤ ሁለት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖችና ሁለት አብራሪዎች አሉት። መኪና በደህና ወደማይገባባቸው ቦታዎች ሐኪምና ሕሙማን እናመላልሳለን። ወንድሜ አንጋፋው አብራሪ ነው። ሰው ሁሉ ካፒቴን ይለዋል፤ እኔ ጋሼ እለዋለሁ። እሱ ደግሞ ገና በልጅነቴ ቅጥነቴን አይቶ ሽቦ የሚል ስም አወጣልኝ። አድጌ ሥራዬ ራሱ ሽቦ ሆኖ ሲገኝ፣ «ቀድሜ ታይቶኝ ነበር» እያለ ይኮራብኛል።

ያን ቀን ከአውሮፕላኑ ወርዶ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ሽቦ፣ መርፌዋ ዋሸችኝ» አለ።

«የትኛዋ?»

«የተጋደመችው። መሃል ላይ ነበረች። ንቅንቅ አላለችም። ቀዩም አልወጣም።»

መሣሪያው ክብ ሰሌዳ ነው፤ ሁለት መርፌዎች አሉት። ማኮብኮቢያው አጠገብ የተተከለ ጣቢያ ወደ ሰማይ የማይታይ ቁልቁለት ይዘረጋል፤ አውሮፕላኑ በዚያ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ቀጥ ብላ የቆመችው መርፌ ግራና ቀኙን ትናገራለች፣ የተጋደመችው ላይና ታቹን። የተጋደመችው ከመሃል ወደ ላይ ከሄደች፣ መንገዱ ከበላይህ ነው፣ ዝቅ ብለሃል ማለቷ ነው። ወደ ታች ከሄደች መንገዱ ከሥርህ ነው። መሃል ከሆነች ልክ ነህ። ጣቢያው ከተቋረጠ ወይም መሣሪያው ራሱ ከታመመ ቀይ ምልክት ብቅ ይላል፤ አትመኑኝ እንደ ማለት ነው። ደመና ውስጥ የገባ አብራሪ በመስኮቱ የሚያየው ነጭ ብቻ ነው። ከፍታውን ሌላ መሣሪያ ይነግረዋል፤ ያ ከፍታ ለደረሰበት ቦታ ትክክል መሆኑን ግን የምትነግረው ይህች መርፌ ናት።

አለቃችን ሁላችንንም ቢሮው ሰበሰበን። ሁላችንም ማለት አራት ሰው ነው። ወፍራምና ተጫዋች ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ወንበሩን እንኳ አላወዛወዘም።

«ሐሙስ የአቪዬሽን መርማሪው ይመጣል» አለ። «የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። ማሽኑ ነው ወይስ ሰውየው? ማሽኑ ከሆነ እናስተካክላለን፣ እንቀጥላለን። ሰውየው ከሆነ ግን…» ወንድሜን አየውና ተወው።

«ጨርሰው እንጂ» አለ ወንድሜ። «ሰውየው ከሆነ ሰውየው ቤቱ ይቀመጣል።»

ሁለተኛው አብራሪ ወጣት ነው። ሸሚዙን እየቆለፈ፣ ዳቦ እየገመጠ ወደ አውሮፕላን ስለሚሮጥ ችኮሌ እንለዋለን። ዝምታ አይችልም።

«ካፒቴን፣ የሰው ልብስ ሳይደርቅ ከገመድ ሊያነሱ ነበር የሚባለው እውነት ነው?»

«የአንተን ካልሲ ፍለጋ ነው የወረድኩት። ሽታው ደመናውን አልፎ መጣብኝ።»

ሳቅን። ወንድሜም ሳቀ።

በማግስቱ ሰሌዳውንና የጣቢያውን ሞገድ የሚይዘውን መቀበያ ፈትቼ ወደ ክፍሌ አስገባሁ። የጣቢያውን ሞገድ የሚተካ የመሞከሪያ ሳጥን አለኝ፤ ቁልፉን ባዞርኩት መጠን መርፌዋ መሄድ አለባት። ሄደች። ዝቅ ሳደርግ ዝቅ፣ ከፍ ሳደርግ ከፍ፣ መሃል ሲሆን መሃል። ሳጥኑን ስዘጋ ቀዩ ምልክት ወዲያው ወጣ። መቀበያውን አሞቅኩት፣ አቀዘቀዝኩት፣ በጎማ መዶሻ ጎኑን መታሁት። ምንም አልሆነም። ወደ አውሮፕላኑ መልሼ ገጠምኩትና አንቴናውን፣ ሽቦውን፣ ማያያዣውን ሁሉ በየተራ አየሁ። እዚያም ደህና ነው።

ወንድሜ በየሰዓቱ ይመጣል። በሩ ላይ ይቆማል።

«ደህና ነው ጋሼ» እለዋለሁ።

«ደህና አይደለም» ይለኛል።

ማክሰኞ ሚስቱ ደወለች። እትዬ ነው የምላት።

«ሽቦዬ፣ እንቅልፍ የለውም» አለችኝ። «ወንበር ላይ ይቀመጥና እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ አውሮፕላን ያበርራል። ‹ተው አንተ ሰው› ስለው ‹ቆይ፣ ገና አላረፍኩም› ይለኛል። መሣሪያው ነው በይኝ።»

«እስካሁን አላገኘሁም እትዬ።»

«ፈልጊዋ! አንቺ ካልፈለግሽለት ማን ይፈልግለታል? እሱ ያለዚህ ሥራ ምን ይሆናል? ቤት ተቀምጦ ሳህን ሲያጥብ ታይቶሻል?»

አልታየኝም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ላየው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ረቡዕ ጠዋት ጥያቄዬን ለወጥኩ። መሣሪያው ምን ሆነ የሚለውን ትቼ፣ ደመና ውስጥ ምን አለ እዚህ የሌለ? ወደሚለው ሄድኩ። መርፌዋን በመሞከሪያ ሳጥኑ መሃል ላይ አድርጌ፣ ችኮሌን በአብራሪው መቀመጫ ላይ አስቀመጥኩትና ደመና ውስጥ ሊገባ ሲል እጁ የሚሠራውን ሁሉ በቅደም ተከተል እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት።

«መብራት» አለና አበራ። «ሬዲዮ። ቀበቶ ጠበቅ። ከዚያ ማሞቂያ…» እጁን ወደ ማሞቂያው ማብሪያ ልኮ መለሰው። «ይቺን እዚህ አልነካትም፤ በኋላ ልታንቂኝ ነው።»

ልክ ነው፤ አንቀው ነበር። ከክንፉ ሥር የወጣች ትንሽ የብረት ቱቦ አለች፤ የፍጥነት መለኪያው በእሷ በኩል ነው የሚተነፍሰው። ደመና ውስጥ በረዶ እንዳይደፍናት በኤሌክትሪክ ትሞቃለች። መሬት ላይ የሚያቀዘቅዛት ነፋስ ስለሌለ በትንሽ ጊዜ ውስጥ ትቃጠላለች፤ የነካት ሰው እጅም ይላጣል። ስለዚህ መሬት ላይ ማሞቂያውን ማብራት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የተነገረኝ እሱ ነው፤ እኔም ለመጣ ሁሉ እሱን ነው የምናገረው። ማንም ቴክኒሻን መርፌዋን ማሞቂያው በርቶ ሞክሯት አያውቅም። ደመና ውስጥ ያለ አብራሪ ደግሞ ማሞቂያው ጠፍቶ አይቷት አያውቅም።

«አብራው» አልኩት።

«ምን?»

«አብራው፤ እኔ ነኝ ያልኩህ።»

ማብሪያው ቀጭ አለ። መሃል ላይ የነበረችው መርፌ ተነሥታ ቆመች። ቀዩ ምልክት አልወጣም። አጠፋው፤ ተመለሰች። አበራው፤ ተነሣች።

ችኮሌ ከመቀመጫው ዘሎ የአውሮፕላን ማደሪያውን ሃንጋር በጩኸት ሞላው። «ሽቦ አገኘችው! ኧረ ሽቦ አገኘችው!» አለቃ ከቢሮው እየሮጠ መጣ፤ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ግንባሬን ሳመኝና፣ «ማሽኑ ነው! ይኸው ማሽኑ ነው! ካፒቴንን ጥሩልኝ። ነገ ጠዋት ሕሙማኑን ራሱ ይወስዳቸዋል» አለ። ስልኩን አውጥቶ እየደወለ ወጣ።

ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። ከመሣሪያዎቹ ኋላ የብዙ ሽቦዎች መመለሻ የሆነ አንድ ብሎን አለ፤ ግራውንድ እንለዋለን። ዝጓል። ማሞቂያው ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ያ ሁሉ በዛገው ብሎን መውጣት ሲያቅተው የመርፌዋን ሽቦ ይገፋል። ብሎኑን ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ጀመርኩ። እጄ ሲሠራ ሐሳቤ ነፃ ነበር፤ እዚያው ብሎኑ ላይ ነው የገባኝ።

መርፌዋ የሄደችው ወደ ላይ ነው።

ወደ ላይ ማለት «ዝቅ ብለሃል፣ ከፍ በል» ማለት ነው። ይህ ብልሽት የሚያሳስተው አብራሪ ከመንገዱ በላይ ይሆናል እንጂ ጣሪያ ላይ አይወርድም። ወንድሜ ግን ዝቅ ብሎ ነበር። ዝቅ ሲል ደግሞ ጤነኛ መርፌ ራሷ ወደ ላይ ትሄዳለች፤ በዚያ ላይ ብልሽቱ ሲጨመርበት ከሰሌዳው ጫፍ ላይ ተለጥፋ መሆን አለባት። መሃል ልትሆን አትችልም።

ብሎኑን ዝገቱ ሳይለቅ መልሼ አሰርኩት። በውኃ አረጠብኩት፣ ሽቦውን ነቀነቅኩት፣ ማሞቂያውን ከመብራቱ ጋር፣ ከሬዲዮው ጋር፣ ከሁሉም ጋር እያበራሁ አየሁ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ታች ብትሄድልኝ ይበቃኝ ነበር። መርፌዋ ወይ ወደ ላይ ሄደች፣ ወይ ከመሃል አልተነቃነቀችም።

ችኮሌን ምሳውን እንዲበላ ላክሁት። ወንድሜ ሲገባ ብቻዬን ነበርኩ። ተላጭቷል፤ ሸሚዙ የተተኮሰ ነው። ከቀናት ወዲህ እንዲህ ሆኖ አላየሁትም።

«ወደ ላይ ትሄዳለች አሉ፣ ቀጣፊዋ!» አለ እየሳቀ። «አለቃ በስልክ ነገረኝ። ሚስቴ አልቅሳ ጨርሳለች። ‹ሽቦን ሳምልኝ› ብላለች፤ ነይ።»

ሳመኝ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር አሳየኝ» አልኩት። «ያን ቀን እንዴት እንደተቀመጥክ። መርፌዋን እንዴት እንዳየሃት።»

በግራው መቀመጫ ተቀመጠ፤ እኔ በቀኙ፣ የመሞከሪያ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ። መርፌዋን መሃል ላይ አስቀመጥኳት። ወንድሜ መሪውን ያዘ፤ ዓይኑ የክንፎቹን ሚዛን በሚያሳየው የአድማስ መለኪያ ላይ ተተከለ። ባለ መርፌዎቹ ሰሌዳ ከእሱ በታች በቀኝ በኩል ነው።

«መርፌዋን አታያትም?»

«አያታለሁ እንጂ። ግን እንደ ጀማሪ እዚህ እዚያ አልልም። ዓይኔን ከአድማሱ አልነቅልም፤ እሷን በዓይኔ ጠርዝ እጠብቃታለሁ። ስትንቀሳቀስ ራሷ ትጠራኛለች። ካልጠራችኝ መሃል ናት። ችኮሌንም ያስተማርኩት እንዲህ ነው፤ አልሰማ ብሎ ነው እንጂ።»

«በል እንደዚያ ሁን። ስትንቀሳቀስ ‹አሁን› በለኝ።»

ማሞቂያውን አበራሁ። ቀጭ።

«አሁን» አለ። «ወደ ላይ።»

አጠፋሁ። ቀጭ።

«ተመለሰች።»

ቀለል አለኝ። አያታል። ደግሜ አበራሁ፤ «አሁን» አለ። አጠፋሁ፤ «ተመለሰች» አለ። አንድም አልሳተም። እዚያ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ማብሪያው ድምፅ አለው፤ መርፌዋ ወዴት እንደምትሄድም ቀድሞ ተነግሮታል። ፈተና አይባልም ይህ።

ከማሞቂያው ቀጥሎ የጭራ መብራት ማብሪያ አለ። እሱ ደግሞ መርፌዋን የሚነካበት ምንም መንገድ የለውም። ነካሁት። ቀጭ።

«አሁን» አለ ወንድሜ። «ወደ ላይ።»

መርፌዋ መሃል ላይ ነበረች።

አልዋሸኝም። ፊቱን እያየሁት ነበር፤ ያየ ሰው ፊት ነው። ድምፁን ሰማ፣ መሄዷን አወቀ፣ አየኋት አለ። የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። የሳጥኑ ቁልፍ ሲዞር ድምፅ የለውም። በቀስታ አዞርኩት። መርፌዋ ከመሃል ተነሣች፣ ግማሽ ደረሰች፣ ከሰሌዳው ጫፍ ደርሳ ተለጠፈች። ጣራ ቢመጣ፣ ገመድ ቢመጣ፣ ከዚያ በላይ ልትጮኽ አትችልም።

ወንድሜ አድማሱን እያየ ይጠብቃል።

«በይ እንጂ ሽቦ» አለ። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ጋሼ፣ ቀጥታ እያት።»

ዓይኑን ከአድማሱ ነቅሎ ወደ ሰሌዳው መለሰ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ ያለችው?»

«‹በይ እንጂ› ሳትለኝ በፊት ጀምሮ።»

«ማብሪያውን መቼ ነካሽው?»

«አልነካሁትም። በሳጥኑ ነው። በፊት ‹አሁን› ስትለኝ ደግሞ የጭራ መብራቱን ነበር የነካሁት።»

ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣም። ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነና አድማሱን እያየ የቀኝ እጁን ጣት በቀስታ ወደ ታች፣ ወደ ሰሌዳው በኩል ወሰደ። ከዚያ ቀኙን ሸፍኖ በግራው ሞከረ። አውሮፕላን ከመብረሩ በፊት እንደሚፈትሸው፣ ረጋ ብሎ።

«እዚህ ጋ ትጠፋለች» አለ። ጣቱን አሳለፈ። «እዚህ ጋ ትመለሳለች። በሁለቱም። ጥቁር ነገር እኮ የለም፤ ምንም አይታይም ማለት እኮ አይደለም። ሰሌዳው አለ። ጣቴ ብቻ ነው የሌለው።» ቀጥሎም፣ «ዓይኔን ሲመረምረኝ ሐኪሙ ጋ የመጨረሻዋን የፊደል መስመር አንብቤያለሁ፤ ያቺን የጉንዳን እግር የምታህለውን» አለ።

«ቀጥታ እያየህ ነው ያነበብካት።»

እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። «ለአለቃ ምን አልሽው?»

«ብልሽት አገኘሁ አልኩት።»

«እውነት ነው።»

«እውነት ነው።»

«ብሎኑን ስትፈትጊው መርማሪው ይረካል።»

«ይረካል። ወዴት ትሄዳለች ብሎ ካልጠየቀ።»

«ባይጠይቅስ?»

የሳጥኑን ቁልፍ ወደ መሃል መለስኩት። ውጭ፣ ሁለተኛው አውሮፕላን አጠገብ፣ ከምሳ የተመለሰው ችኮሌ ጎማ እየነፋ ነበር።

«ደመና በሌለበት ቀን ብቻ ብበርስ?» አለ። «ጠርቶ፣ ፀሐይ ወጥቶ። ያኔ መርፌ አያስፈልገኝም፤ ማኮብኮቢያው ራሱ ይታየኛል።»

«ችኮሌ በዚያ በኩል ቢመጣብህስ? ከታች፣ ከቀኝ። አውሮፕላኑን ይዞ።»

«ችኮሌማ ከየትም ሊመጣ ይችላል» አለ። ሊስቅ ፈለገ፤ አልመጣለትም።

አለቃ በዚህ መሃል መጣ። ክንፉን እየደባበሰ በመስኮቱ ብቅ አለ። «የተኳረፉ ባልና ሚስት ነው የምትመስሉት፣ ምነው ዝም ዝም? ካፒቴን፣ ነገ ንጋት ላይ ስድስት ሕሙማን አሉ። መርማሪው ስትመለስ ይጠብቅሃል። ብልሽቱን ሽቦ ታሳየዋለች፣ በቃ፣ አለቀ!»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። እንድናገርለት ነው የፈለገው፤ ወይም እንዳልናገር። የቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። እኔ ዓይኔን ሳጥኑ ላይ አደረግኩ።

«ነገ ችኮሌ ይውሰዳቸው» አለ በመጨረሻ።

«እንዴት? ለምን?»

«መርፌዋ ደህና አልነበረችም። ግን ወደ ላይ ነበረች። ያላየኋት እኔ ነኝ።»

አለቃ ቀልድ መስሎት ጥርሱን ገለጠ። ከዚያ እኔን አየኝ። «ብልሽት አለ አላልሽም?»

«አለ። የሚወስዳት ወደ ላይ ነው፤ ወደ ታች አይደለም። እሱ ደግሞ…»

«ዝቅ ብሎ ነበር» አለ አለቃ፤ አስቦ ጨረሰው። እጁን ከክንፉ ላይ አነሣ። «ማን ሰምቷል ይሄን?»

«አሁን ሦስታችን» አለ ወንድሜ። «ነገ መርማሪው አራተኛ ይሆናል። እኔው እነግረዋለሁ፤ እናንተ አትድከሙ። ከዚያ የዓይን ሐኪም እሄዳለሁ። ምናልባት መድኃኒት ያለው ነገር ይሆናል።»

አለቃ፣ «እንግዲህ ችኮሌን ልጥራው» ብሎ ሄደ። ሲመጣ የነበረው አካሄድ አልነበረም።

ብሎኑን ፈትጌ፣ አጥብቄ፣ ማሞቂያውን አንድ ጊዜ አብርቼ መርፌዋ አለመነቃነቋን አየሁና መሣሪያዬን ሰበሰብኩ። አውሮፕላኑ ነገ ለችኮሌ ደህና ነው። ወንድሜ መኪናው አጠገብ ይጠብቀኝ ነበር፤ ማታ ማታ እሱ ነው ቤቴ የሚያደርሰኝ። የሹፌሩን በር ከፍቷል።

እጄን ዘረጋሁ።

«ምንድን ነው?»

«ቁልፉን ስጠኝ ጋሼ።»

«መኪናም?»

«መኪናም።»

መንገዱን አየ። ትምህርት ቤት የተለቀቀበት ሰዓት ነበር፤ ልጆች በሁለቱም ጠርዝ እየተገፋፉ ያልፋሉ። ለረጅም ጊዜ አያቸው፤ ፊቱን ወደ አንዱ ወገን፣ ከዚያ ወደ ሌላው እያዞረ፣ ቀጥታ። ከዚያ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠና በመኪናው ዙሪያ ሄዶ በቀኙ በር ገባ። በራሱ መኪና በዚያ በኩል ተቀምጦ አያውቅም። እንደ ሹፌር ለምዶ ቀበቶውን በግራ ትከሻው በኩል ሲፈልግ፣ ሞተሩን ሳላስነሣ ጠበቅኩት።